በራሱ የማይዘጋ የገንዳ አጥር ሸጡልን፤ እናንተም ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ገና ሳይበርድ ነው። ዝም ብል ይኸው ሰው ነገ የአንዳችሁን ደጅ ያንኳኳልና ዝም አልልም። ነገሩ በካሊፎርኒያ፣ በተለይ ከሎስ አንጀለስ በስተምሥራቅ ባሉት ከተሞች፣ ጓሮው ውስጥ መዋኛ ገንዳ ያለው ቤት ገዝታችሁ የምትኖሩ ወገኖቼን ይመለከታል። ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ፣ ከአገር ቤት የመጣች እናት ወይም አክስት ልጅ የምትጠብቅላችሁ ደግሞ ከሁሉም በላይ ልብ ብላችሁ አንብቡት።

ሻጩን ስሙን ባልጠራውም ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በሠርግና በክርስትና ቤት ካርዱን እያደለ የሚዞር፣ የአገር ልጅነቱን አስቀድሞ ለአንድ የአጥር ድርጅት በኮሚሽን የሚሠራ ሰው ነው። ቤት ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፤ ቡናውን እስከ በረካው ቁጭ ብሎ ይጠጣል፤ እናቴን «እማማ»፣ እኔን «እህቴ፣ እርስዎ» ይላል። ከዚያ ታብሌቱን ያወጣና የዛሬው ዋጋ የሚሠራው ለዛሬ ብቻ እንደሆነ ይናገራል፤ ገጾቹን በጣቱ ወደ ላይ እያሳለፈ «እዚህ ጋ፣ አሁን ደግሞ እዚህ ጋ» እያለ ያስፈርማል። የውሉ ቅጂ በኢሜይል የሚደርሰው እሱ ከወጣ በኋላ ነው።

እኛ አጥሩን የፈለግነው ለጌጥ አልነበረም። ገንዳው ያረጀ ስለነበር ከከተማው የግንባታ ፈቃድ አውጥተን አሳደስነው፤ በካሊፎርኒያ ሕግ ደግሞ ከ2018 መጀመሪያ ወዲህ ለአዲስ ገንዳም ሆነ ለነባር ገንዳ እድሳት ፈቃድ ሲወጣ፣ ሕጉ ከዘረዘራቸው 7 የመስጠም መከላከያዎች ቢያንስ 2ቱ ካልተሟሉ የመጨረሻው ማረጋገጫ አይሰጥም። ከእነዚያ አንዱ ገንዳውን ከመኖሪያ ቤቱ የሚለይ አጥር ነው። ቁመቱ ከ60 ኢንች ማነስ የለበትም፤ በአጥሩ ግርጌና በመሬቱ መካከል ያለው ክፍተት ከ2 ኢንች መብለጥ የለበትም፤ በብረቶቹ መሐል ያለው ክፍተት ደግሞ 4 ኢንች ስፋት ያላትን ኳስ ማሳለፍ አይገባውም፤ ከውጭ በኩል ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ጨብጦ ወይም ረግጦ የሚወጣበት ነገር ሊኖረው አይችልም። በሩ የሚከፈተው ከገንዳው በተቃራኒ ወደ ውጭ ሆኖ ሲለቁት በራሱ መዘጋትና በራሱ መቀርቀር አለበት፤ መቀርቀሪያውም ከመሬት ከ60 ኢንች ዝቅ ብሎ ሊገጠም አይችልም። የእያንዳንዱ ቁጥር ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሁሉም የተለካው በሕፃን ልጅ ቁመት፣ እጅና ጭንቅላት ነው።

በአሜሪካ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናትን በመግደል መስጠም ከሁሉም ምክንያቶች ቀዳሚው እንደሆነ የአገሪቱ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በየጊዜው ያሳስባል። በውሃ የሚሰጥም ሕፃን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም፤ አፉ ከውሃው በላይ የሚቆየው ለቅጽበት ስለሆነ ያቺው ቅጽበት ለትንፋሽ እንኳ አትበቃውም። ወጥ ቤት ሽንኩርት የምትከትፍ አያት ምንም ሳትሰማ ነገሩ ሊያልቅ ይችላል። ይህን ለሻጩ ቁጭ ብዬ ነግሬዋለሁ። መጀመሪያ ያቀረበልን አጥር በሦስት ጎን ብቻ ሆኖ አራተኛው ጎን የቤቱ ግድግዳ እንዲሆን ነበር፤ «ዋጋው ይቀንስልዎታል» ብሎ። እንቢ አልኩት፤ ምክንያቱም ልጁ የሚወጣው ከቤት ነው። በአራቱም በኩል የተዘጋ አጥር፣ ባለ ሦስት ጎን ከሆነው የግቢ አጥር ጋር ሲነጻጸር፣ የልጅን የመስጠም አደጋ በ83 በመቶ እንደሚቀንስ ያው ማዕከል ጽፏል። ሻጩም «ልክ ነዎት፣ እኔም አባት ነኝ» አለኝና በአራቱም ጎን፣ በ5 ጫማ ቁመት፣ በራሱ በሚዘጋ በር እንደሚሠራ በእናቴና በባለቤቴ ፊት ተናገረ። ዋጋው 6,800 ዶላር ሆነ፤ «ብረቱን ለመግዣ» ብሎ ግማሹን፣ 3,400 ዶላር፣ ያኔውኑ ተቀበለ። ከዚያም ለልጁ እጅ ላይ የሚታሰር፣ ውሃ ሲነካው የሚጮህ አምባር በተጨማሪ ዋጋ ሸጠልንና «ይኸው ሁለተኛው መከላከያችሁ፤ ሕጉ ተሟላ» አለን።

ሠራተኞቹ ሥራውን የጨረሱ ዕለት ቀሪውን ገንዘብ ሊቀበልና የርክክብ ፊርማ ሊያስፈርም ራሱ መጣ። ገንዳውን ያደሰው ባለሙያ አቁሞልን የነበረው ጊዜያዊ አጥር ጠዋቱኑ ተነሥቶ ነበር፤ ውሃውም እስከ አፉ ሞልቷል። ባለቤቴ የረጅም ርቀት የጭነት መኪና ስለሚነዳ መንገድ ላይ ነበር፤ እኔ፣ እናቴና የሦስት ዓመቱ ልጄ ወደ ጓሮ ወጣን። አጥሩ ገና ሳየው ለዓይኔ ዝቅ አለብኝ፤ ቢሆንም መጀመሪያ «ከመፈረሜ በፊት በሩን እንሞክረው» አልኩት። «ምን ችግር አለው» አለ። እስከ መጨረሻው ከፍቼ ለቀቅሁት፤ በሩ ትንሽ ተመለሰና እንደ ደከመ መንገደኛ መሐል ላይ ቆመ። እንደገና ስንዝር ያህል ብቻ ከፍቼ ለቀቅሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ጎንበስ ብዬ ማጠፊያውን አየሁ። መልሶ የሚስበው ሞላ የለውም፤ በየትኛውም የአትክልት ቦታ በር ላይ የሚገጠም ተራ ማጠፊያ ነው። ሻጩ በሩን በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገው፤ መቀርቀሪያው ቀጭ ሲል «ይኸው ተዘጋ» አለኝ።

መልስ ሳልሰጠው ልጄ የአያቱን ነጠላ ለቆ ወደ በሩ ሄደ። መቀርቀሪያው የተገጠመው ከእኔ ወገብ ዝቅ ብሎ ነው። ሁለት ጣቶቹን ከሥሩ አስገብቶ ወደ ላይ ብድግ አደረገው፤ በሩም ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ገንዳው ተከፈተ፤ ልጁም በሩን እንደያዘ አብሮት ገባ። እናቴ «ኧረ በእመቤቴ!» ብላ ጮኸች። ክንዱን ይዤ ስጎትተው ከውሃው ጠርዝ ሁለት እርምጃ ያህል ቀርቶት ነበር። ከሠራተኞቹ አንዱ መሣሪያ መሰብሰቡን አቁሞ መሬት መሬቱን አየ። ሻጩ ግን ሳቀ። «ጎበዝ ልጅ ነው፤ አንድ ጊዜ ቆጣ ስታደርጉት ይተወዋል» አለ።

እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ በሩ በራሱ ሊዘጋ እንደሚገባ፣ መቀርቀሪያው እኔ እንኳ እጄን አንሥቼ የምደርስበት ከፍታ ላይ መሆን እንዳለበት፣ የተነጋገርነውም ይህንኑ እንደሆነ አስታወስሁት። የዚያን ጊዜ «እርስዎ» ማለቱ ቀረ። «ልጅ መጠበቅ የአጥር ሥራ አይደለም፤ ያንቺ ሥራ ነው» አለኝ። ወደ እናቴ ዞሮም «እማማስ ታዲያ እዚህ የመጡት ለምንድን ነው?» አላቸው። እናቴ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ልጁን ከእቅፏ አላወረደችውም፤ ሌሊትም እየተነሣች የጓሮውን በር ትነካካለች። ይህን ሳስብ ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ልጅ አሳድጋ ለወግ ያበቃችን ሴት በገዛ ልጇ ቤት፣ በእንግዳ ፊት፣ እንደ ጥፋተኛ እንድትቆም ተደረገች። ቀጥሎ «ባለቤትሽን ጥሪልኝ፤ ከሱ ጋር ብንነጋገር እንግባባለን» አለኝ። ባለቤቴ መንገድ ላይ መሆኑን ያውቃል። አልፈርምም ስለው ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ቢሮው ደወለና፣ የማልሰማ መስሎት ይሁን እንድሰማ ፈልጎ እንጃ፣ «የእኛ ሰዎች ሕግ የሚያነቡት ከፈረሙ በኋላ ነው» ብሎ በእንግሊዝኛ አወራ።

ቢሮው ደግሞ ከእሱ የባሰ ነው። ስልኩን ያነሣችው ሠራተኛ ሙዚቃ እያሰማች ካቆየችኝ በኋላ፣ በውሉ ላይ የተጻፈው 48 ኢንች ቁመትና መደበኛ በር መሆኑን አነበበችልኝ፤ በኢሜይል የደረሰንን ቅጂ ከፍቼ ሳየው እውነትም በኋለኛው ገጽ ላይ በትንንሽ ፊደል እንደዚያ ይላል። በቃል የተነገረን 5 ጫማ፣ ማለትም 60 ኢንች፣ የትም የለም። 48 ኢንች በሌሎች ብዙ ቦታዎች የሚፈቀድ ዝቅተኛ ቁመት ስለሆነ ድርጅቱ በመጋዘኑ የተከማቸውን አምጥቶ ተከለብን ማለት ነው። በራሱ የሚዘጋውን ማጠፊያ ከፈለግሁ ተጨማሪ ክፍያ እንዳለው፣ ምሰሶዎቹም በሲሚንቶ ስለተተከሉ አጥሩን ከፍ ማድረግ አዲስ ሥራ እንደሆነ ነገረችኝ። «ልጄ እኮ በሩን ከፈተው» አልኳት። «የእርስዎ አስተያየት ተመዝግቧል» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የከተማው ኢንስፔክተር መጣ። ብዙ አልተናገረም። ሜትሩን ከውጭ በኩል መሬት ላይ አቁሞ ቁመቱን ለካ፤ በሩን ከፍቶ ለቀቀው፤ አፈሩ ዝቅ ባለበት ማዕዘን ላይ ጎንበስ ብሎ ከግርጌው ክፍተት እጁን አስገባ፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ አላለፈም ብሎ ጻፈ። አምባሩን ሳሳየው ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ልጅ ላይ የሚታሰር ማንቂያ ከሰባቱ መከላከያዎች እንደማይቆጠር ሕጉ ራሱ ለይቶ ጽፎታል፤ የሚቆጠረው በገንዳው ውስጥ የሚቀመጥና አንድ ሰው ሳይታሰብ ውሃው ውስጥ ሲገባ የሚጮኸው ነው፤ ወይም ከቤት በቀጥታ ወደ ገንዳው በሚያወጡት በሮች ላይ የሚገጠመው ደወል። ሻጩ ይህን አያውቅም ብዬ አላምንም፤ ሥራው ነውና። አምባሩን የሸጠልን ልጄ ጠዋት ማሰሪያውን ፈትቶ አልጋው ሥር ሊጥለው እንደሚችል እያወቀ ነው።

የገንዘቡን ጉዳይ በኋላ ሳጣራው ሌላ ነገር አገኘሁ። በካሊፎርኒያ ለቤት ማሻሻያ ሥራ የሚጠየቅ ቅድሚያ ክፍያ ከጠቅላላው ዋጋ 10 በመቶ ወይም ከ1,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው፣ መብለጥ አይችልም። ከእኛ ሊቀበል ይችል የነበረው 680 ዶላር ብቻ ነበር ማለት ነው። ለኮንትራክተር እየዞረ ቤት ለቤት የሚያስፈርም ሻጭም በግዛቱ የኮንትራክተሮች ፈቃድ ቦርድ መመዝገብ አለበት፤ የእኛን ሻጭ ስም በቦርዱ ድረ ገጽ ላይ ፈልጌ አላገኘሁትም። ቅሬታዬን ከውሉ፣ ከክፍያው ደረሰኝ፣ ከበሩ ቪዲዮና ከኢንስፔክተሩ ወረቀት ጋር ለቦርዱ አስገብቻለሁ። ቀሪውን ገንዘብ አልከፈልኩም፤ ቢሮው አሁን በየቀኑ ዕዳ አለብሽ እያለ ይጽፍልኛል። በሩን በሰንሰለትና በቁልፍ አስረነዋል፤ ወደ ጓሮ በሚያወጣው በር ላይ ደወል ገጥመናል፤ አጥሩ ግን እስኪቀየር ድረስ ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ነገር ለልጄ ከለላ ሊሆን አልቻለም።

የምመክራችሁ አጭር ነው። የድርጅቱንም የሻጩንም ምዝገባ በቦርዱ ድረ ገጽ ላይ ሳታዩ አትፈርሙ፤ 60 ኢንች ቁመት፣ በራሱ የሚዘጋና የሚቀረቀር በር፣ ወደ ውጭ የሚከፈት የሚሉት በውሉ ላይ በጽሑፍ ይግቡ፤ በሩንም ስንዝር ከፍታችሁ ለቅቃችሁ ሳትሞክሩት የርክክብ ፊርማ አትስጡ። ይህ ሰው በቅርብ ቀን ቤታችሁ መጥቶ ያስፈረማችሁ ካላችሁ ደግሞ ውሉን በጽሑፍ የመሰረዝ መብት አላችሁ፤ ጊዜው ሦስት የሥራ ቀናት ሲሆን ዕድሜው 65 ዓመት ለሞላ ሰው አምስት ነው። መሰረዛችሁን ዛሬውኑ ጽፋችሁ ላኩ፤ የላካችሁበትንም ማስረጃ ያዙ።