የጦስኝ ችግኝ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ይህን አንብቡ

ሰሞኑን በቴሌግራም ገበያዎች ላይ «የመንዝ ጦስኝ ችግኝ፣ ቤትዎ ድረስ እናመጣለን» የሚል ማስታወቂያ በዝቷል። ታላቅ እህቴ ስድስት ችግኝ አዘዘች። ቀብዱን በቴሌብር ላከች፣ ቀሪውን ሲያመጡላት ከፈለች። አንዱ 350 ብር ነው። ወር ሳይሞላ ስድስቱም ደረቁ። ሻጩ ጋ ስትደውል «ውሃ አብዝተሽበት ነው» አላት። ከዚያ በኋላ ስልኳን አላነሳም።

ውሃ አልነበረም ችግሩ። ላስቲኩን ቀደን ስናይ አፈሩ ከሥሩ ጋር ጨርሶ አልተያያዘም። ውስጡ ያለው ወፍራም አሮጌ ግንድ ነው፤ ጭራ የሚያክሉት ሥሮቹ ተበጥሰዋል። ችግኝ ሆኖ አላደገም፣ ከተራራ ተነቅሎ የመጣ ነው። ጦስኝ ሲያረጅ ከግርጌው እንጨት ይሆናል። እንዲህ ያለው ግንድ ተነቅሎ ላስቲክ ውስጥ ሲወተፍ ቅጠሉ ለተወሰኑ ቀናት አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። አንዳንዴ አበባውም አለ። ገዢው የጸደቀ ይመስለዋል።

እኔን ከብሩ በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ጦስኝ የደጋችን ተክል ነው። ሳይንሱ ቲመስ ሺምፔሪ እና ቲመስ ሴሩላተስ የሚላቸው ሁለት ዓይነቶች አሉ። ከመንዝና ከጣርማ በር እስከ ባሌ ተራሮች ድረስ በአለታማና በሣራማ ቦታ ይበቅላል። የሚያጭዱት ሰዎች ጫፉን ብቻ ቢቆርጡ መልሶ ያቆጠቁጣል። ከነሥሩ ሲነቀል ግን ቦታው ባዶ ይቀራል። አንድ ሰው ለስድስት የሞተ ግንድ ስትከፍሉት ነገ ሌላ ሊነቅል ይሄዳል።

ሁለተኛው ማታለያ የፈረንጁን ታይም ጦስኝ ብሎ መሸጥ ነው። ታይም ጥሩ ቅመም ነው፣ የጦስኝም ዘመድ ነው፤ ግን በስሙና በዋጋው ይሸጥ። መለየት አይከብድም። ታይም ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ቅጠሉ ቀጭን ሆኖ ጠርዙ ወደ ታች ይጠቀለላል፣ ጀርባውም አመድማ ነው። ጦስኝ ግን መሬት ለመሬት ይሳባል፤ ቅጠሉ ሰፋና ዘርጋ ያለ ነው፣ አበባው ደግሞ ወደ ሮዝ ያደላ ሐምራዊ ሆኖ ጫፉ ላይ ይሰበሰባል። ሽታውን ብቻ አትመኑ፣ ሁለቱም ሲታሹ ይሸታሉ።

የፓኬት ዘር የሚሸጡም አሉ። የጦስኝም ሆነ የታይም ዘር ከጤፍ አይበልጥም። ፍሬው ምስር የሚያህል ከሆነ ሌላ ነገር ነው። «ደም ግፊት ያድናል» እያሉ ዋጋ የሚቆልሉትንም ተዉአቸው። መድኃኒት የጀመረ ሰው በጦስኝ ሻይ ብሎ እንዳያቋርጥ።

ስለዚህ ሳታዩ ቀብድ አትላኩ። ችግኙን ስትረከቡ ከግንዱ ያዝ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ሥር የያዘ ከሆነ አፈሩን ይዞ ይነሳል፤ የተወተፈ ከሆነ ብቻውን ይወጣል። በላስቲኩ ቀዳዳ በኩል ነጭ ሥር ብቅ ካለ ጥሩ ምልክት ነው። ሻጩ «አትንኩት ይጎዳል» ካለ ብራችሁን ኪሳችሁ መልሱ።

እኔን ብትጠይቁኝ ጦስኝ ካለው ጎረቤት ቅርንጫፍ መለመን ይሻላል። አበባ የሌለውን ለጋ ጫፍ ጣት በሚያህል ርዝመት ቁረጡ። የታችኛውን ቅጠል አራግፉ፣ ግማሽ አሸዋ ግማሽ አፈር ውስጥ ትከሉት፣ ሥር እስኪይዝ ጥላ ቢጤ ቦታ አስቀምጡት። አፈሩ ይርጠብ እንጂ አይጨቅይ። ከዚያ ወደ ሙሉ ፀሐይ አውጡት፤ ውሃ የሚቋጥር ቦታ አይወድም። መሬት ላይ የተሳበ ቅርንጫፍ ካለ ደግሞ ሳትቆርጡት አፈር አልብሳችሁ ድንጋይ ጫኑበት። እዚያው ሥር ያወጣል፣ ያኔ ቆርጣችሁ ውሰዱት።

የተነቀለውን ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ግንዱን ለማዳን አትድከሙ። ቅጠሉ ሳይጠወልግ ዛሬውኑ ለጋ ጫፎቹን ቆርጣችሁ፣ አበባውን አስወግዳችሁ፣ አሸዋማ አፈር ላይ ሰካ ሰካ አድርጉና በሚያሳይ ፌስታል ሸፍኗቸው። ግንዱ ቢሞትም ከጫፎቹ የተወሰኑት ሊጸድቁ ይችላሉ።