መቀበል እንጂ መላክ የማይሆንለት የኢሜይል አፕ

ከስልኬ ጋር አብሮ የመጣውን የኢሜይል አፕ ሰባት ወር ተጠቅሜበት ከአምስት ኮከብ ሁለት ሰጥቼዋለሁ። ሁለቱን ያገኘው በመቀበሉ ነው፤ ደብዳቤ ሲመጣ ፈጥኖ ይነግረኛል፣ የፈለግሁትንም ቶሎ ያወጣልኛል። ስለ ደህና ጎኑ ይህን ያህል ይበቃል።

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የሦስት ትንንሽ ድርጅቶችን መዝገብ ቤቴ ሆኜ እይዛለሁ። ስድስቱን ወር በሞባይል ዳታ ስሠራ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። ጉዱ የመጣው ቤት ዋይፋይ ያስገባሁ ሰሞን ነው። የደመወዝ ዝርዝር ማታ ልኬ ተኛሁ። ጠዋት ደንበኛዬ ደውለው «ዝርዝሩ የታለ?» አሉኝ። «ማታውኑ ልኬልዎታለሁ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። አፑን ብከፍተው መልእክቱ አውትቦክስ (ገና ያልወጡ መልእክቶች የሚቆዩበት ሳጥን) ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ «በመላክ ላይ» ይላል። እንደገና ላክሁ። አሁንም እንደገና። ቆይቼ ለጉዳይ ወጣ ስል፣ ስልኩ ወደ ሞባይል ዳታ ሲዞር ሦስቱም ተከታትለው ሄዱ። ደንበኛዬ አንዱን ዝርዝር ሦስት ጊዜ ደረሳቸው።

ቤት ስመለስ ያው ነው። የኢንተርኔት አቅራቢዬ ዘንድ ደወልኩ። «ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት» አሉኝ፤ አጥፍቼ አበራሁ። «ዋይፋዩን ከስልኩ ሰርዘው እንደገና ያስገቡት» አሉኝ፤ አስገባሁ። «እንግዲያው ችግሩ የስልክዎ ነው» ተባለና ስልኩ ተዘጋ። የአፑ የእርዳታ ገጽ ደግሞ «የኢንተርኔት ግንኙነትዎን ያረጋግጡ» ይላል። ኢሜይል በላይ በላዩ እየገባልኝ ምኑን ላረጋግጥ? አንዱ በሌላው ሲያሳብብ ሁለት ቀን አለፈ።

ያወጣኝ አሮጌው ላፕቶፔ ነው። በዚያው ዋይፋይ፣ ከዚያው አድራሻ፣ ያለ ምንም ችግር ይልካል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሴቲንጋቸውን እንደ መዝገብ መስመር በመስመር አመሳከርኩ። የገቢው ሰርቨር፣ ማለትም ኢሜይሉን የሚያቀብለው ኮምፒውተር፣ ሁለቱም ላይ ፖርት (ባለ ቁጥር የመረጃ በር) 993 ነው። የወጪው ላይ ላፕቶፑ 587 ሲል ስልኩ 25 ይላል። ገቢው ልክ ሆኖ ወጪው አልገጥም ማለቱ በሙያዬ አዲስ ነገር አይደለም፤ ስልኬ ላይ ግን አልጠበቅሁትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢሜይል በአንድ በር ይገባል፣ በሌላ በር ይወጣል፤ መቀበል መቻል ስለ መላክ ምንም አይናገርም። ፖርት 25 ሰርቨሮች እርስ በርስ ደብዳቤ የሚቀባበሉበት በር ነው። በቫይረስ የተያዙ የቤት ኮምፒውተሮች በዚሁ በር ስፓም (ማንም ያልጠየቀው የጅምላ መልእክት) ስለሚረጩ፣ ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ከመኖሪያ ቤት ወደ 25 የሚሄደውን ይዘጉታል። እንደ እኔ ያለው ተጠቃሚ የሚልከው የይለፍ ቃሉን አስገብቶ በ587 ወይም በ465 ነው። የሞባይል መስመሬ 25ን ስላልዘጋ ነው ስድስት ወር ሙሉ ያልነቃሁት። (አንዳንዱ የሞባይል መስመርም ይዘጋል። ደግሞ ትንንሾቹ እየሄዱ ትልልቅ ፋይል የያዙት ብቻ ከቀሩባችሁ ነገሩ የፖርት ሳይሆን የመጠን ገደብ ነው፤ የተያያዘ ፋይል ሲላክ በሲሶ ገደማ ይገዝፋል።)

ወደ 587 ቀየርኩት። አሁንም እምቢ! ለካ ፖርቱን ስነካ የወጪው ሰርቨር የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ሳጥኖች ባዶ ሆነዋል፤ ከጎናቸው «አማራጭ» ተብሎ ስለተጻፈ አልፌያቸው ነበር። አማራጭ አይደሉም። ሞላኋቸው፤ መልእክቱ ወዲያው ሄደ።

ሦስቱን ኮከብ ያስነሳኝ ግን መልእክቱ መቅረቱ ብቻ አይደለም። ከ25 በታች «ደህንነት» የሚል መስመር ነበር፤ የተመረጠው «የለም»። አካውንቱን ስከፍት ይህን የመረጠው አፑ ራሱ ነው፤ እኔ አድራሻዬንና የይለፍ ቃሌን ብቻ ነው የሰጠሁት። ስለዚህ ስድስት ወር ሙሉ የይለፍ ቃሌም የሰው ደመወዝም ሳይመሰጠር፣ ራቁቱን ሲሄድ ኖሯል። ያን ቀን የይለፍ ቃሌን ቀየርኩ፤ ለሦስቱም ደንበኞቼ ደውዬ ነገርኳቸው። አንደኛው ብዙም አልደነቃቸውም፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

አቅራቢውን በመዝጋቱ አልወቅሰውም፤ እንዲያውም ያነቃኝ እሱ ነው። የገረመኝ የራሱ መሥሪያ ቤት ፖርት 25ን መዝጋቱን የማያውቅ ሰው ስልክ ላይ ማስቀመጡ ነው። «ላፕቶፕዎ በስንት ፖርት ነው የሚልከው?» ብሎ አንድ ጥያቄ ቢጠይቀኝ ሁለት ቀን አይባክንም ነበር።

ባለፈው ሳምንት አፑ አዲስ ዝማኔ መጣለት፤ «የመላክ ችግሮች ተስተካክለዋል» ይላል። በሁለት ኮከብ ፈርጄ እንዳልበድለው ብዬ አካውንቱን አጥፍቼ ከባዶ አስገባሁት። የወጪውን ሰርቨር ከፍቼ አየሁ። 25።