ሰርቨር ለሚያስቸግራችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች

ኮምቦልቻ ላይ መድኃኒት በጅምላ እናከፋፍላለን። የባቲ፣ የከሚሴ፣ የሐይቅና የደሴ ፋርማሲዎች የሚያዙት ቢሯችን ባለው ሰርቨር ነው። ባለፈው ወር የሰርቨሩን ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ኡቡንቱን፣ ከ22.04 ወደ 24.04 አሳደግነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሁሉም ሲገባ ገጹ መሽከርከር ብቻ ሆነ። ሪስታርት ስናደርገው ሩብ ሰዓት ይሠራና ተመልሶ ይቆማል። ሰኞ ዕለትማ ሁሉም በስልክ ሲያዝ ውሎ የስልክ አንሺዋ ድምፅ ተዘጋ።

አንድ ባለሙያ "ሰርቨሩ አርጅቷል፣ አዲስ ግዙ" ብሎ ፕሮፎርማ አምጥቶልን ነበር። ልንገዛም ነበር!

ከዚያ ደሴ ፒያሳ የሚሠራ አንድ ልጅ ጠቆሙኝ። በማግስቱ በሚኒባስ ወርዶ መጣ። ምንም ሳይነካ ሎጉን፣ ሰርቨሩ የሆነውን የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ከፍቶ አነበበ። ራሙ ግማሹ እንኳ አልተያዘም። "አብሽር ጋሼ፣ ማሽንህ ደህና ነው" ብሎ አንድ መስመር አሳየኝ፤ ገጹን የሚያሠራው ፕሮግራም ፒኤችፒ-ኤፍፒኤም "ማክስ ቺልድረን 5 ሞልቷል፣ ጨምሩ" እያለ ደጋግሞ ጽፏል። ማክስ ቺልድረን ማለት ጥያቄ የሚያስተናግዱት ፕሮሰሶች በአንዴ ስንት ድረስ እንደሚሆኑ የሚወስነው ቁጥር ነው። ለካ ዱሮ ያስተካከልነው ቁጥር በፒኤችፒ 8.1 ፎልደር ውስጥ ቀርቷል። በኡቡንቱ 24.04 አዲሱ 8.3 የራሱን ፎልደር ይዞ መጥቶ፣ ማንም ካልነካው በ5 ነው የሚሠራው። ከፊት ያለው አፓቼ እስከ 150 ጥያቄ በአንዴ ይቀበላል፤ ከኋላ የሚያስተናግዱት 5 ናቸው። ቡና እየተቀዳ ነበርና ወደ ረከቦቱ እያሳየ "እንግዳው 150፣ ሲኒው 5" አለኝ።

"በቃ 200 አድርገዋ!" አልኩት። ሳቀብኝ። አንዱ ፕሮሰስ የሚበላውን ራም ለካ፤ 60 ሜጋባይት ገደማ። 200 ሲሆን 12 ጊጋ ነው፣ እኛ ያለን 8። ለዳታቤዙ ለማይኤስኪውኤል የሚበቃውን ትቶ 40 ላይ አቆመው።

ያላልነውንም ሠራ። የስቶክ ሪፖርቱ 20 ሰከንድ ይፈጅ ነበር፤ አንድ ሰው በከፈተው ቁጥር ከአምስቱ አንዱን ይዞበት ይቀመጣል ማለት ነው። ዳታቤዙ ላይ ኢንዴክስ፣ እንደ መጽሐፍ ማውጫ ያለ ነገር፣ ጨመረበት፣ አሁን ዓይን ሳይጨፈን ይመጣል። ሲወጣ የድሮውንና የአዲሱን ቁጥር በወረቀት ጽፎ ሰርቨሩ ጎን ለጠፈልን፤ ለቀጣዩ አፕግሬድ።

ወንድሜ፣ አላህ ይጨምርልህ። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቅዶልኛል። አርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ግን አትደውሉለት፣ ጁምዓ ላይ ነው።