መዋጮው ምን ይገዛል? የሆቴልና ሬስቶራንት ሠራተኛ ማኅበር ሲገመገም

የማኅበር አገልግሎት የሚለካው አሠሪውን ባስፈረመው የኅብረት ስምምነት ነው። የደመወዝ ጭማሪውን ማንም ያያል፤ ማኅበሩ ሥራ ማወቁ የሚለየው ግን በክፍል ብዛትና በሰርቪስ ቻርጅ (ቢል ላይ በግዴታ በሚጨመር የአገልግሎት ክፍያ) አንቀጾች ነው።

"በሺፍት ከ14 ክፍል አይበልጥም" የሚል አንቀጽ ለክፍል አጽጂዎች ድል ይመስላል። እስቲ እናስላው። የ8 ሰዓት ሺፍት 480 ደቂቃ ነው። 30ው ለምግብ፣ 30ው ጋሪ ለመሙላትና ለመመለስ ሲነሳ 420 ይቀራል። እንግዳው ገና ያልለቀቀው ክፍል 25 ደቂቃ ቢፈጅ 14ቱ በ350 ያልቃሉ። ቼክ አውት የሆነው ግን አንሶላው በሙሉ ተገፎ፣ ሻወሩ ታሽቶ፣ ፍሪጁ ተፈትሾ 40 ደቂቃ ቢወስድ፣ 14ቱ 560 ይጠይቃሉ። ትርፉ 140 ደቂቃ የሚሸፈነው በምሳ ሰዓትና ባልተከፈለበት ትርፍ ሰዓት ነው። ደህና ስምምነት ስለዚህ ክፍል ሳይሆን ነጥብ ይቆጥራል፤ ቼክ አውት ከአንድ ነጥብ በላይ ይያዛል፣ ተጨማሪ አልጋና ፎቅ መቀያየርም የራሳቸው ነጥብ አላቸው። የነጥቡ ጣሪያ ከሞላ በኋላ የሚሰጥ ክፍል ትርፍ ሰዓት ይታሰባል። ተደራዳሪዎቹ ሁሉ ከቢሮና ከሪሴፕሽን ሲመጡ ይህ አንቀጽ መዘለሉ አይቀርም።

ሰርቪስ ቻርጅ ላይ የሚሠራው ስህተት ከቲፕ ጋር ማደባለቁ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት የሆቴልና ሬስቶራንት ስምምነት ቁጥር 172 ቲፕን ደንበኛው ከሚገባው ክፍያ በላይ በፈቃዱ የሚሰጠው ገንዘብ ይለዋል፤ ቲፕ ኖረም አልኖረም መሠረታዊ ደመወዝ በየጊዜው መከፈል እንዳለበትም ይደነግጋል (የሚያስገድደው ያጸደቁትን አገሮች ነው)። ቢል ላይ በግዴታ የተጨመረ ገንዘብ በዚህ ትርጉም ቲፕ አይደለም። የሰርቪስ ቻርጅ አንቀጹ ማን እንደሚካፈል፣ የክፍል ኃላፊዎች ድርሻ እንዳላቸው ወይም እንደሌላቸው፣ የተሰበረ ዕቃ ዋጋ ከሱ እንደማይቆረጥ ሊናገር ይገባል። ዋናው ግን የማኅበሩ ተወካይ በየወሩ የሽያጭ ማጠቃለያውን ማየት መቻሉ ነው። ገንዘቡ በብዛት የሚጠፋው ሠርግና ስብሰባ ላይ ነው፤ አዳራሽ፣ ምግብና መጠጥ በአንድ ጥቅል ዋጋ ሲሸጡ ሰርቪስ ቻርጁ ለብቻው አይጻፍም። ያልተጻፈውን ማን ይካፈለዋል?

ቅሬታ አያያዝ የብዙ ማኅበራት ደካማ ጎን ነው። ተወካዩ ቀን ብቻ ይገባል፣ የሌሊቱ ወጥ ቤት ሠራተኛ በቃል ይነግረዋል፣ የማቅረቢያው ቀነ ገደብ ያልፋል። ሞያው ያለው ማኅበር ቅጹን በየሺፍቱ ያስቀምጣል፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የክፍል ወይም የጠረጴዛ ቁጥር፣ ትእዛዙን የሰጠው ሰው፣ የተጣሰው አንቀጽ። አንቀጹ ያልተጠቀሰበት ቅሬታ እንደ ስሞታ ተቆጥሮ ይታለፋል።

በደላላ ድርጅት በኩል የሚመጡት ኤክስትራዎች (ጊዜያዊ ሠራተኞች) በስምምነቱ ካልተካተቱ ቋሚ ሠራተኛ በለቀቀ ቁጥር ቦታው በነሱ ይሞላል፣ አባሉም ይመናመናል።

ሆቴሉን የሚያስተዳድረው ኩባንያና የሕንጻው ባለቤት የተለያዩ ሲሆኑ ደግሞ ከሁለቱ ማን እንደፈረመ መጨረሻ ገጽ ላይ እዩ። አስተዳዳሪው ብቻ ከፈረመና "ተተኪውንም ያስገድዳል" የሚል ቃል ከሌለ፣ የአስተዳደር ውሉ በተቀየረ ማግስት አዲሱ ኩባንያ ስምምነቱን አላውቀውም ማለቱ የተለመደ ነው። የአባልነት ቅጽ ከመሙላታችሁ በፊት የስምምነቱን ቅጂ ጠይቁ። የማኅበሩ ጸሐፊ ፈልጎ ለማግኘት ሳምንት ከፈጀበት፣ ስምምነቱ ሥራ ላይ እየዋለ አይደለም።