«በፈቃዴ ወረድኩ» ብዬ ፈረምኩ

ይህን የምጽፈው ሰኞ ማታ፣ አዲስ አበባ፣ በሟች ወንድሜ ቤት ጓዳ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ግቢው ውስጥ ያለው ድንኳን ገና አልፈረሰም። ሰርጉ ትናንት ነበር። እኔ ቦሌ ያረፍኩት ደግሞ ትናንት ማታ፣ ሙሽራዋ ከነሚዜዎቿ ከሄደች ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው። አባቷን ተክቼ፣ እጇን ይዤ ከቤት ላስወጣት ቃል የገባሁት ከስምንት ወር በፊት ነበር፤ ትኬቴንም የቆረጥኩት በጥቅምት ነው። ይዟት የወጣው ጎረቤታችን ነው። ደግ ሰው ነው፣ እግዚአብሔር ይስጠው፤ ነገር ግን አጎቷ እኔ ነኝ።

ከአውሮፕላን ወንበሬ ላይ አስነስተው አወረዱኝ። ማንም እጁን አላሳረፈብኝም፤ ማንም አልጎተተኝም። ያ የድሮ ዘዴ ነው። አሁን ወረቀት ነው የሚያስፈርሙት። ወረቀቱ ላይ ደግሞ «በፈቃዴ» ይላል።

የጥርን ጉዞ ታውቁታላችሁ። እኔም እንደ ሁላችሁ፣ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ደለስ አየር ማረፊያ ወለል ላይ ሁለት ሻንጣ ዘርግፌ፣ ከ23 ኪሎ ያለፈውን ከአንዱ ወደ ሌላው ሳገላብጥ ቆየሁ። የእገሊት ቫይታሚን፣ የእገሌ ልጅ ላፕቶፕ፣ «ቀላል ናት፣ ቦታ አትይዝም» ተብላ የመጣች አራት ኪሎ የምትመዝን ድስት። ለሻንጣ ያላመንኩት የሚዜዎቹን ጫማ ብቻ ነው፤ ስድስት ጥንድ፣ ወርቃማ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። እሱን በእጅ ሻንጣዬ ያዝኩ። በዚህ ሁሉ ማገላበጥ ካውንተሩ ጋ የደረስኩት ከመጨረሻዎቹ ተሳፋሪዎች ጋር ነበር። ሰዓቱ አላለፈብኝም፤ ብቻ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ሆንኩ።

ድርጅቱን በስም አልጠራውም። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ፤ በአንዱ የአውሮፓ ከተማ አዙሮ የሚያደርስ፣ ሁለት ሦስት መቶ ዶላር ስለሚቀንስ የምንሻማበት፣ ስልክ ስትደውሉለት አርባ ደቂቃ ሙዚቃ የሚያሰማ። ከወንበሩ ቁጥር በላይ ትኬት መሸጥ የብዙዎቹ ልማድ ነው። ከገዙት ሰዎች ጥቂቶቹ ይቀራሉ ብለው አስልተው ነው፤ ሒሳቡም ባብዛኛው ቀን ይሠራላቸዋል፤ በሕግም አልተከለከለም። በጥር ግን ከእኛ ሰው ማን ይቀራል? ለሰርግና ለጥምቀት የሚሄድ ሐበሻ ትኩሳት ይዞትም ቢሆን ይሳፈራል።

የመሳፈሪያ ካርዴን በሩ ላይ ማሽኑ አነበበው፣ አረንጓዴ አበራ፣ ገባሁ። 34ኛው ረድፍ፣ መስኮት ዳር። የእጅ ሻንጣዬን ከላይ አስቀምጬ ቀበቶዬን አሰርኩ። አጠገቤ አንዲት እናት ነበሩ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አማትበው፣ ከቦርሳቸው ዳቦ ቆሎ አውጥተው ዘረጉልኝ። «ትራንዚት ላይ እንዳትለየኝ ልጄ፣ እዚያ አገር ባቡር ተሳፍሩ ይላሉ አሉ» አሉኝ። አልለይዎትም አልኳቸው። ለማንኛውም ብለን ስልክ ተለዋወጥን።

በዚህ መሀል ሬዲዮ የያዘ ወጣት ሠራተኛ በወንበሮቹ መካከል እየመጣ የአያቴን ስም ጠራ። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስቴም ሌላ ስም ሆነ። እጄን አወጣሁ። ጎንበስ ብሎ በትሕትና፣ «ሰነድዎ ላይ የምናጣራት ትንሽ ነገር አለች፤ ለሁለት ደቂቃ ይምጡ። የእጅ ሻንጣዎንም ይያዙ» አለኝ።

ለሁለት ደቂቃ ከሆነ ሻንጣው ለምን? ይህን ጥያቄ ሦስት ቀን ሙሉ ስጠይቅ ነው የከረምኩት። ያኔ ግን አልጠየቅኩም። ወደ አእምሮዬ የመጣው ቢጫ ካርዴ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬ ነው፤ ጊዜው አልፎበት ይሆን ብዬ ደነገጥኩ። የደነገጠ ሰው አይጠይቅም፣ ይታዘዛል። «መጣሁ እትዬ» ብዬ ተነሳሁ። እግራቸውን ሰብስበው አሳለፉኝ።

በመተላለፊያው ድልድይ በኩል ወደ መሳፈሪያው በር መለሰኝ። እዚያ ያለችው ሠራተኛ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አላነሳችም። ስለ ሰነድ አንድም ቃል የለም። «በረራው ከልክ በላይ ተሽጧል። ለነገ ማታ አዛውሬዎታለሁ» አለች።

«ተቀምጬ እኮ ነበር።»

«ኮምፒውተሩ ነው የመረጠዎት።»

ሰርግ እንዳለብኝ ነገርኳት። እሑድ እንደሆነ፣ የሙሽራዋ አባት በሕይወት እንደሌለ፣ በእሱ ቦታ የምቆመው እኔ እንደሆንኩ እየተንተባተብኩ ነገርኳት። የእጅ ሻንጣዬን ከፍቼ ጫማዎቹን ሁሉ አሳየኋት፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው የሴት ጫማ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ መሳፈሪያ በር ላይ ሲለማመጥ። እሷ መተየቧን አላቆመችም። ጎኗ የቆመው ባልደረባዋ እራት የት እንደሚበሉ ጠየቃት፤ መለሰችለት፤ ሳቁ። በእኔ እንኳን አልሳቁም፤ ለእነሱ እዚያ የቆመ ሰው አልነበረም።

ከኋላዬ በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። ድምፁ ትልቅ አይደለም። እንደ ማቀዝቀዣ በር ነው፣ ጠብ ብሎ ይገጥማል።

ከዚያ ወረቀቱ መጣ። አንድ ገጽ፣ ከላዩ እስክሪብቶ። «እዚህ ላይ ይፈርሙ። ካልፈረሙ የነገውን ወንበር ልይዝልዎት አልችልም፤ አንድ ብቻ ነው የቀረኝ።» የ600 ዶላር ቫውቸር (ለሌላ ጊዜ ትኬት መግዣ የሚሆን ወረቀት)፣ የአንድ ሌሊት ሆቴል፣ የምግብ ኩፖን። ፈረምኩ።

እዚያ አገር 22 ዓመት ኖሬያለሁ። ለስንቱ አዲስ መጪ የቤት ኪራይ ውል አንብቤ «ሳታነብ እንዳትፈርም» ያልኩ ሰው ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደብዳቤ የሚመጣላቸው እናቶች ለእኔ ነው የሚያመጡት። እኔ ግን የራሴን ያነበብኩት ወደ ሆቴሉ በሚወስደው አውቶቡስ ውስጥ ነው። ወንበሬን በፈቃደኝነት እንደለቀቅኩ፣ በምትኩም ቫውቸሩን ተቀብዬ ሌላ ጥያቄ እንደማላነሳ ይላል። ከሥሩ የእኔ ፊርማ። ቆንጆ ፊርማ ነው ያለኝ፤ ሁልጊዜም ይነገረኛል።

ሻንጣዎቼ ደግሞ ያለ እኔ ሄዱ። ባለቤቱ ቀረ፣ ድስቷ ሄደች።

ሌሊቱን ስልኬን ይዤ ሕጉን ሳነብ አደርኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። የአሜሪካ ሕግ እንዲህ ይላል፦ ትኬት አብዝተው ሸጠው ወንበር ሲጎድል መጀመሪያ ፈቃደኛ መጠየቅ አለባቸው። እኛን ማንም አልጠየቀንም፤ በድምፅ ማጉያው ስለዚህ አንድ ቃል አልተባለም። ፈቃደኛ ከጠፋና በግድ ካስቀሩህ፣ ከአገሪቱ ወደ ውጭ በሚሄድ በረራ ላይ ከአራት ሰዓት በላይ ካዘገዩህ፣ የአንድ መንገዱን ዋጋ አራት እጥፍ ይከፍላሉ፤ ጣሪያው እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ 2,150 ዶላር ነው። በገንዘብ እንጂ በቫውቸር አይደለም፤ ቫውቸር ቢሰጡህ እንቢ ማለት ትችላለህ። የእኔ ትኬት ደርሶ መልስ 1,740 ዶላር ነበር። የአንድ መንገዱ 870፣ አራት እጥፉ 3,480፣ ስለዚህ ጣሪያውን ነካሁ ማለት ነው። ያገኘሁት 600፣ እሱም እነሱ ጋ ብቻ የሚሠራ፣ በዓመት የሚቃጠል ቫውቸር። ደግሞም ፈቃደኛ ትሆናለህ ወይ ብለው ሲጠይቁህ፣ በግድ ልትቀር የምትችል ከሆነ ይህንኑና የሚገባህን ካሳ የመንገር ግዴታ አለባቸው። ሴትዮዋ ይህን ሁሉ ታውቃለች። በቀን ስንቴ ታደርገዋለች!

እንዲያውም ከዚህ የባሰ አለ። የመሳፈሪያ ካርድህ በሩ ላይ ከተነበበና ከገባህ በኋላ፣ በሰዓቱ እስከተመዘገብክ ድረስ፣ ለደኅንነት፣ ለጤና ወይም ለረብሻ ካልሆነ በቀር በግድ ሊያወርዱህ አይችሉም። ይህ ድንጋጌ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ እንዴት እንደመጣም ብዙዎቻችሁ ቪዲዮውን አይታችሁታል። ኤፕሪል 9 ቀን 2017፣ ቺካጎ፣ ወደ ሉዊቪል ሊነሳ በነበረው የዩናይትድ አየር መንገድ በረራ 3411 ላይ፣ አራት የድርጅቱ ሠራተኞች መሳፈር ነበረባቸው። ለፈቃደኛ እስከ 800 ዶላር ተባለ፤ ማንም አልተነሳም። ኮምፒውተር አራት ሰው መረጠ። ሦስቱ ወረዱ። አራተኛው የ69 ዓመት ሐኪም ነበሩ፤ ነገ በሽተኞች ይጠብቁኛል ብለው አልነሳም አሉ። የጸጥታ ሠራተኞች ጎትተው አወረዷቸው፤ አፍንጫቸው ተሰበረ፣ ሁለት ጥርሳቸው ወለቀ። የድርጅቱ የመጀመሪያ መግለጫ ስለ ድርጊቱ ሲናገር ተሳፋሪዎችን «እንደገና ማስተናገድ» የሚል ቃል ነበረው። ያ ሁሉ ደም ከታየ በኋላ ድርጅቱ ለፈቃደኛ እስከ 10,000 ዶላር ልክፈል አለ።

እኔን ያናደደኝ ይኸው 10,000 ነው። ከመጀመሪያው ይቻል ነበር ማለት አይደለም? ከ800 ወደ 1,000፣ ከ1,000 ወደ 1,500 ቢሉ አንድ ተማሪ፣ አንድ ጡረተኛ እየሳቀ ይነሳ ነበር። ጁልያን ሳይመን የሚባል የምጣኔ ሀብት ምሁር ይህንን ጨረታ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው ያቀረበው፤ አየር መንገዶቹ መጀመሪያ ዘበቱበት፤ አሜሪካ ውስጥ የተሠራበት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ትርፍ ወንበር ሸጦ ያተረፈው ድርጅቱ ነው። ታዲያ ዕዳው ሲመጣ ለምን ኮምፒውተር የመረጠው ሰው ይከፍላል? ኮምፒውተሩ ደግሞ በዕጣ አይመርጥም። የትኬት ዋጋ ይታያል፣ የተመዘገብክበት ሰዓት ይታያል፣ የአባልነት ካርድህ ይታያል። ርካሽ ትኬት ገዝቶ ወለል ላይ ሻንጣ ሲመዝን ያረፈደ ማን እንደሆነ እናንተው ገምቱ።

ትናንት ቦሌ እንዳረፍኩ የእኒያ እናት ስልክ ጠራ። ትራንዚቱን አንዲት ልጅ እጃቸውን ይዛ አሻግራቸዋለች። እኔ በሽታ ይዞኝ የወረድኩ መስሏቸው ሲጨነቁ ነበር። ስነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ወንበርህ ላይማ የደንብ ልብስ የለበሰ ጎረምሳ መጥቶ ተቀመጠ። ጫማውን አውልቆ እስኪነጋ ተኛ» አሉኝ። ትኬት የገዛ ሰው እንኳን አልነበረም፤ የራሳቸው ሠራተኛ ነው። «ምነው እኔን ቢጠይቁኝ?» አሉ ቀጥለው፤ «እኔ ለሦስት ወር ነው የመጣሁት፤ አንድ ቀን ባድር ምን እሆን ነበር? ስድስት መቶውንም ለእህቴ ልጆች እሰጣቸው ነበር።»

ዛሬ ጠዋት ድርጅቱ ጋ ደወልኩ። ከአርባ ደቂቃው ሙዚቃ በኋላ የወጣው ሰውዬ መዝገቡን አይቶ፣ «እዚህ ላይ ፈቃደኛ ነበሩ ይላል፤ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» አለኝ። ለአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አቤቱታ አስገብቻለሁ። ፊርማዬ እያለ ምን እንደሚሉኝ እናያለን።

በዚህ ወር የምትበሩ፣ አጭር ነው፦ ከቤት ሳትወጡ በስልካችሁ ተመዝገቡ። ተቀምጣችሁ ሳለ ሻንጣህን ይዘህ ና ከተባላችሁ ምክንያቱን እዚያው ወንበራችሁ ላይ ሆናችሁ ጠይቁ፤ በትሕትና፣ ድምፅ ሳታሰሙ፣ ረብሻ ለማለት ሰበብ እንዳያገኙ። ከወረዳችሁም «ፈቃደኛ» የሚል ወረቀት ላይ አትፈርሙ፤ መብታችሁን የሚዘረዝረውን ጽሑፍ ስጡኝ በሉ፤ መስጠት ግዴታቸው ነው። ከሮም፣ ከፍራንክፈርት፣ ከስቶክሆልም የምትነሱ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2004ቱ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ቁጥር 261 አለላችሁ፤ ያለ ፈቃዳችሁ ካስቀሯችሁ እስከ አዲስ አበባ ላለው ርቀት 600 ዩሮ ነው፣ የአየር መንገዱ ዜግነት ምንም ይሁን። እስራኤል ያላችሁም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የራሳችሁ ሕግ አላችሁ።

ሚዜዎቹ ትናንት እያንዳንዳቸው ያገኙትን ጫማ አድርገው ነው የወጡት፤ ፎቶውን አይቼዋለሁ፣ አንዷ ነጠላ ጫማ ናት። ስድስቱ ጥንድ እዚህ አጠገቤ ከነካርቶናቸው ተደርድረዋል። ሁለቱ 37፣ ሦስቱ 38፣ አንዱ 40 ቁጥር ነው። ሱቁ መመለሻ ቀኑ አልፏል ብሎኛል። በሚቀጥለው ሳምንት ሰርግ ያላችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ በነፃ ነው።