የፎቶሾፕ ፐፔት ዋርፕ ሲገመገም

በብርሃኑም በጥራቱም ያማረ ፎቶ፣ የሰውየው ክንድ ትንሽ ከፍ ወይም የእንስሳው አንገት ትንሽ ዝቅ ቢል ኖሮ የሚያሰኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አዶቢ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 በፎቶ ማረሚያ ፕሮግራሙ በፎቶሾፕ፣ በሲኤስ5 እትም ያስተዋወቀው ፐፔት ዋርፕ ለዚህ ዓይነቱ እርማት የተሠራ ሲሆን፣ በልኩ ለሚጠቀምበት ሰው ዛሬም አስተማማኝ መሣሪያ ነው።

መሣሪያው ከኤዲት ሜኑ ሲመረጥ ምስሉን በመረብ ይሸፍነዋል። በመረቡ ላይ ከተተከሉት ፒኖች (ምስሉን የሚይዙ ነጥቦች) አንዱ ሲጎተት ሌሎቹ ባሉበት ይጸናሉ፤ በመካከላቸው ያለው የአካል ክፍልም እየታጠፈ ይከተላል። ክንድ ለማንሳት በትከሻ፣ በክርንና በእጅ አንጓ ላይ ፒን መትከል ያስፈልጋል፤ ደረትና ወገብም በፒን ካልተያዙ ግን መላው ሰውነት አብሮ ይዞራል። በተለይ ክንዱ ከጎን ጋር ሊነካካ የተቃረበ ከሆነ መረቡ ክፍተቱን ዘሎ ሁለቱን ስለሚያያይዛቸው፣ ክንዱ ሲነሳ የሸሚዙም ጎን አብሮ ይሳባል፤ መፍትሔው የመረቡን ዳር ስፋት የሚወስነውን ኤክስፓንሽን የሚለውን ቁጥር መቀነስ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው፣ ብዙዎች ግን ልብ የማይሉት፣ የፒን ዴፕዝ ምርጫን ነው። የታጠፈ እጅ በደረት ላይ ሲያልፍ ከፊት ይታይ ወይስ ከኋላ ይደበቅ የሚለው የሚወሰነው በዚህ ነው። ሪጂድ የተባለው ሞድ ደግሞ አጥንት ያለውን አካል እንደ ላስቲክ ከመለጠጥ ስለሚቆጠብ፣ ለሰው ምስል እርሱን እመርጣለሁ።

የውጤቱ ማማር የሚወሰነው ግን ፒን ከመተከሉ በፊት በሚደረገው ዝግጅት ነው። የሚንቀሳቀሰው አካል በጥንቃቄ ተቆርጦ በራሱ ሌየር (የምስል ንብርብር) ላይ መቀመጥ፣ ከሥሩ የቀረው ቦታም ክፍተትን ከአካባቢው ምስል ተነስቶ በራሱ በሚሞላው በኮንተንት አዌር ፊል ወይም ከሌላ ቦታ ምስል በሚቀዳው በክሎን ስታምፕ መሞላት አለበት፤ አለዚያ የተነሳው ክንድ ከነባሩ ጋር ሦስተኛ እጅ ሆኖ ይታያል። ሌየሩን አስቀድሞ ወደ ስማርት ኦብጀክት (ዋናውን ምስል ሳይለወጥ ወደሚያቆይ ሌየር) መቀየርም ፒኖቹን በኋላ ተመልሶ ለማስተካከል ያስችላል፤ ይህን መዝለል ለምን እንደሚለመድ አይገባኝም።

መሣሪያው ያለውን ምስል ያጣጥፋል እንጂ ካሜራው ያላየውን ጎን አይፈጥርም። ስለዚህ ፊትን ማዞር ወይም ወደ ካሜራው የተዘረጋን እጅ ወደ ጎን መመለስ ከአቅሙ በላይ ነው። በሌላ ሌየር የቀረ ጥላም አብሮ ስለማይንቀሳቀስ ለብቻው መታረም ይኖርበታል። ባለመስመር ልብስ ደግሞ የትኛውንም ትርፍ ጉተታ ወዲያው ያጋልጣል።

ፎቶሾፕ የሌለው ሰው በነፃ በሚገኘው የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ጊምፕ፣ እ.ኤ.አ. ከ2012ቱ 2.8 እትም ጀምሮ ባለው ኬጅ ትራንስፎርም ሊሠራ ይችላል። በዚያ ግን ቅርጹ የሚለወጠው በአካሉ ዙሪያ በሚሰመር አጥር ስለሆነ፣ ክርን ወይም ጉልበት ላይ በትክክል ለማጠፍ ከፒን ይልቅ አድካሚ ነው።