የልውውጥ ተማሪዎች አገልግሎት በክበባት አስተባባሪ ዓይን ሲመዘን

በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን ክበባት የማስተባብር መምህር እንደ መሆኔ፣ ከሌላ አገር መጥተው አንድ የትምህርት ዘመን ከእኛ ጋር የሚያሳልፉ የልውውጥ ተማሪዎችን በየዓመቱ እቀበላለሁ። ተማሪዎቹን የሚመለምለውን፣ ተቀባይ ቤተሰብ የሚፈልግላቸውንና እስኪመለሱ ድረስ የሚከታተላቸውን አገልግሎት ለመገምገም የተነሣሁት፣ ልጆቻቸውን ለመላክ የሚያስቡ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ ስለ መኖሪያ ቤቱና ስለ ክፍያው ብቻ ሲጠይቁ ስለማይ ነው። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ የምነቅፈው ጉድለት የአንድ ድርጅት ብቻ አይመስለኝምና። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ አገልግሎቱ ተማሪውን ከአስተማማኝ ቤትና ከመማሪያ ክፍል በማድረስ ረገድ ምስጋና የሚገባው ነው፤ ከክፍል ውጭ ያለውን ሕይወት ግን ለዕድል ይተወዋል፤ ጓደኝነት የሚመሠረተው ደግሞ በአብዛኛው እዚያ ነው።

ምስጋናው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ሥራ ቀደምት ከሆኑት አንዱ አሜሪካን ፊልድ ሰርቪስ፣ እ.ኤ.አ. በ1915 የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ቁስለኞች ለማመላለስ የተጀመረ የበጎ ፈቃደኞች የአምቡላንስ አገልግሎት ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፊቱን ወደ ወጣቶች ልውውጥ አዙሮ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ማዘዋወር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ከዚያ ወዲህ በተካበተው ልምድ ላይ የመንግሥታት ደንብ ሲታከልበት፣ የተቀባይ ቤተሰብ አመራረጥና ክትትሉ ጥብቅ ሆኗል። ለምሳሌ በአሜሪካ ደንብ መሠረት ለልውውጥ ጎብኚዎች በሚሰጠው ጄ-1 ቪዛ የሚገባ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ፕሮግራሙ ሲጀመር ዕድሜው ከ15 ዓመት ያላነሰና ከ18 ዓመት ከ6 ወር ያልበለጠ መሆን አለበት፤ የትምህርት ቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በተቀባዩ ቤት የሚኖሩ አዋቂዎች ሁሉ የወንጀል መዝገባቸው ይጣራል፤ የአካባቢው አስተባባሪም ተማሪውን በየወሩ የማነጋገር ግዴታ አለበት። በቅርብ የማውቀው አገልግሎት እንዲህ ያሉ ግዴታዎችን በትጋት ይወጣል፤ ከቤተሰብ ጋር ያልተስማማ ተማሪ ሲያጋጥምም ሌላ ቤት ለመፈለግ አይዘገይም።

ችግሩ የሚጀምረው ከመረጃ አደራረስ ነው። ተማሪው ሲያመለክት ስለ ዝንባሌው በሰፊው ይጽፋል፤ ጽሑፉ ግን ቤተሰብ ለመምረጥ ካገለገለ በኋላ እዚያው ይቀርና ትምህርት ቤቱ የሚደርሰው የክፍል ውጤቱና የክትባት ማስረጃው ብቻ ይሆናል። በአገሯ የመዘምራን ቡድን መሪ የነበረች ልጅ መዘመር እንደምትችል የምናውቀው ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ክበባት ደግሞ ጊዜ አይሰጡም፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች የክበብ አመራሮች የሚመረጡት ባለፈው ዓመት ማብቂያ ላይ ሲሆን፣ አንዳንድ የስፖርት ቡድኖችም ተጫዋቾቻቸውን የሚመርጡት ትምህርት ሳይከፈት ነው። የአንድ መንፈቅ ዓመት ልውውጥ የመረጠ ተማሪ ጉዳቱ ይብስበታል። ፈርስት የተባለው ድርጅት የሚያዘጋጀውን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሮቦቲክስ ውድድር ብንወስድ፣ የዓመቱ ጨዋታ ይፋ የሚሆነው በጥር መጀመሪያ አካባቢ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የሚሄድ ተማሪ ልምምዱን እንጂ ግንባታውንም ሆነ ውድድሩን አያይም። ይህን ለተማሪው አስቀድሞ መንገር ለአገልግሎቱ ምንም አያስከፍለውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ተማሪው በክበብ ውስጥ የሚሰጠው ቦታ ነው። አገልግሎቱ በመመሪያው የልውውጥ ተማሪን የአገሩ አምባሳደር ይለዋል፤ ትምህርት ቤቶችም ቃሉን እንዳለ ተቀብለው ልጁን ወደ ዓለም አቀፍ ክበብ ይልኩትና ስለ ባንዲራው፣ ስለ በዓላቱና ስለ አለባበሱ ደጋግሞ ገለጻ እንዲያቀርብ ያደርጉታል። ለአንድ ቀን ጥሩ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሲሆን ግን ልጁ የሚታይ እንግዳ ሆኖ ይቀራል እንጂ የቡድን አባል አይሆንም። የተባበሩት መንግሥታትን አሠራር በሚለማመደው የሞዴል ዩኤን ክበብም ተመሳሳይ ነገር አያለሁ፤ የልምምዱ ዋና ጥቅም የራስ ያልሆነን አገር አቋም አጥንቶ መከራከር ሆኖ ሳለ፣ ለልውውጥ ተማሪው ሁልጊዜ የሚሰጠው የገዛ አገሩ ነው። ሌላ አገር እንዲወክል ሲደረግ ከአገሬው ልጆች ጋር እኩል ሰነድ አገላብጦ፣ የውሳኔ ረቂቅ ጽፎና ደጋፊ አሰባስቦ ይሠራል፤ ስሙም ከመጣበት አገር ተለይቶ በራሱ ይጠራል። ቋንቋው ገና ላልጠነከረለት ተማሪ ደግሞ ከክርክር ክበብ ይልቅ የቲያትር ክበብ የመድረክና የመብራት ሥራ፣ መዘምራን ወይም የበጎ አድራጎት ክበብ ይሻለዋል፤ ሰዓት ተቆጥሮበት ከመናገር ይልቅ እጅ ለእጅ ተያይዞ ሲሠራ ቃላቱ ሳይታወቀው ይገቡለታልና።

ሌላው ጉድለት መጓጓዣ ነው። ክበባት የሚሰበሰቡት የተማሪዎች አውቶቡስ ከሄደ በኋላ ነው፤ አብዛኞቹ የልውውጥ ፕሮግራሞች ደግሞ ተማሪው መኪና እንዳይነዳ ይከለክላሉ። ስለዚህ ልጁ በክበብ መሳተፍ አለመሳተፉን የሚወስነው ከሥራ ደክሞት የሚመለስ ተቀባይ አባት ወይም እናት ሊወስደው መቻሉ ነው። ከቤተሰቡ ጋር በሚደረገው ስምምነት ስለ መኝታና ስለ ምግብ በዝርዝር ተጽፎ ሳለ ይህ ጉዳይ ሳይነሳ ይታለፋል። ወርሃዊው ክትትልም አይደርስበትም፤ አስተባባሪው ሁሉ ነገር ደህና መሆኑን ይጠይቃል፣ ልጁም ሰው ላለማስቸገር ደህና ነው ይላል። በሳምንቱ ውስጥ ከትምህርት በኋላ የትና ከማን ጋር እንደዋለ ቢጠየቅ ግን ብቸኝነቱ በመጀመሪያው ወር ይታወቅ ነበር።

እንዲህም ሆኖ አገልግሎቱን ለወላጆች እመክራለሁ፤ ደህንነትን በሚመለከት የዘረጋው ሥርዓት በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ግን ሦስት ነገሮች በጽሑፍ እንዲመለሱላችሁ ጠይቁ፦ ልጃችሁ ስለ ዝንባሌው የጻፈው ለተቀባዩ ትምህርት ቤት የክበባት አስተባባሪ ከመምጣቱ በፊት ይላክ እንደሆነ፣ ከክበብ ሲወጣ ማን ወደ ቤት እንደሚመልሰው፣ በስፖርት መወዳደር የሚፈልግ ከሆነም የአካባቢው የስፖርት ማኅበር ይፈቅድለት እንደሆነ። ለመጨረሻው ጥያቄ የቃል ተስፋ አትቀበሉ፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ልውውጡን የሚያካሂደው ድርጅት አይደለምና።